እናት ልጇን ታውቃለች

በውሸት የጎዳሁት ሰው የለኝም። ልታመሰግኑኝ ግን አትቸኩሉ፤ በእውነት የጎዳኋት አንዲት ልጅ አለችኝ። የተናገርኩት ሦስት ቃል ነው፣ ሦስቱም እውነት ነበሩ። ከሳሽ የለኝም፣ ምስክርም አይቆምብኝም። እንዲያውም በዚያው ዓመት የምስጋና ወረቀት ሰጥተውኛል፣ ከነማህተሙ፣ ከነመስታወቱ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ፤ ጉልበቴ አበጠ እንጂ አልወጣልኝም። እስቲ ደግሞ ለእናንተ ልናገረው።

የዳባት ልጅ ነኝ። እናቴ እንዴት እንዳሳደገችኝ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። የስምንተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ዕለት፣ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥቼ እየበረርኩ ቤት ስደርስ እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው። ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ «እንዴት ሆነች ልጅቱ?» ብትላት «ኧረ ተይኝ እቴ! ድንጋይ ራስ ናት፣ በመከራ ነው ያለፈች» አለቻት። ከዚያ ጓዳ አስገብታ ግንባሬን እየሳመች አለቀሰች።

በእኛ አገር እናት ልጇን በሰው ፊት አታሞግስም፤ ዐይን አለ። ሰው ካሞገሰባትም ቶሎ ብላ ወደ ጎን «እትፍ፣ እትፍ» ትላለች፣ ክፉ ዐይን እንዳያርፍባት። ልጅ የሞተባት እናትማ ትብሳለች፤ የተረፈችላትን «ድፍን፣ ደደብ፣ የማትረባ» እያለች ስታንቋሽሻት ላልለመደ ሰው የእንጀራ እናት ትመስለዋለች። እኛ ግን እናውቃለን። ስድቡ የበዛባት ልጅ የተወደደችዋ ናት።

ልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ደባርቅ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮንትራት ተቀጠርኩ። የተሰጠኝ ክፍል ቀድሞ ማገዶ ማስቀመጫ ነበር፤ ግድግዳውን ኖራ የቀባሁት እኔው ነኝ። አሥር ልጆች ነበሩኝ። መስማት የተሳናት አለች፣ መራመድ ያቃተው አለ፣ አያሌው የሚባለው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከቤት ሳይወጣ ኖሮ አባቱ በጀርባቸው አዝለው ነው ያመጡልኝ። ይህ ልጅ ማንኪያ ይዞ በራሱ የጎረሰ ቀን አባትየው ክፍሌ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ በዚህስ አልታማም።

ክፍሉ የቆመው በውል ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር የተፈራረመው ወፍራም ውል ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ሰው ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ውሉ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛው የእኔ ክፍል ነው። ሁለተኛው፣ ልዩ ተሰጥኦ ያለው አንድ ተማሪ መርጦ ጎንደር አዳሪ ትምህርት ቤት ማስገባት ነው፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ሰጥቶ ግን ዝም አይልም። አንቀጽ ስድስት፣ የልዩ ፍላጎት ክፍሉ ተማሪዎች ከአሥር ካነሱ አገልግሎቱ ይቋረጣል ይላል። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ የወላጅ ቃል የምዘናው አካል ነው፣ አንድ ተማሪ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ይመደባል፣ ምደባው በሦስቱ የውል ዓመታት አይለወጥም ይላል። ያን ጊዜ ሳነበው «ደግ ነው፣ ሥርዓት ነው» ብዬ አለፍኩት። በዚያን ጊዜ አሥር ነበሩኝ። ኋላ አሥረኛዋን ቤተሰቦቿ ወደ ቆላ ሲወርዱ ይዘዋት ሄዱና ዘጠኝ ቀሩኝ።

ፈንታነሽ የእኔ ተማሪ አልነበረችም፤ መደበኛው ስድስተኛ ክፍል ነው የምትማር። እናቷ እትዬ ጥሩዬ የጊች ሰው ናቸው። መንደሩ ከስሜን ተራሮች ፓርክ ሲነሳ መጥተው ደባርቅ ዳር ሰፍረው መናኸሪያ ቆሎና ቅቅል ድንች ይሸጣሉ። ሁለት ልጅ ቀብረዋል። ሦስተኛዋን ፈንታነሽ ያሏት ለዚህ ነው፤ በሞቱት ፈንታ። ልጅቷ ምላሷ ይያዛል። አንድ ቃል ለማውጣት ዐይኗን ጨፍና፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ ነው። ስለዚህ አትናገርም። ብርድ ያደረቀው ቅልጥሟ ላይ በስንጥር ቁጥር ትጽፋለች፣ በመዳፏ ታብሳለች፣ ደግሞ ትጽፋለች።

ማን እንደሆነች ያወቅነው መስከረም ላይ ነው። ርዕሰ መምህራችን አቶ ሙላው የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲያወጡ ሦስት ቀን ተቸግረዋል። ክፍሉ ብዙ፣ መምህሩ ጥቂት። የሒሳቡ መምህር በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል ውስጥ ይገኛሉ፤ እሱን ሲያስተካክሉ የሳይንሱ ይጋጫል። ፈንታነሽ ቢሮውን እንድትጠርግ ተላከች። አቶ ሙላው ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ሰሌዳው ላይ ያለው ድልድል አልቋል፣ አንድም ግጭት የለበትም። «ማነው የሠራው?» ብለው ሲጮሁ ጠመኔ የነካ ጣቷን ከኋላዋ ደበቀች።

ለጎንደሩ የጠቆምኳት እኔ ነኝ። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ እናቷን አስፈቀድኩ። «እትዬ ጥሩዬ፣ ልጅዎ እኮ ጎበዝ ናት» ስላቸው ወደ ጎን «እትፍ፣ እትፍ» አሉና «ኧረ በማርያም ቀስ በይ! ሰው ይሰማል» አሉኝ። ከዚያ ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው በጆሮዬ፣ «እውነት ትወሰዳለች?» አሉ።

«ትወሰዳለች» አልኳቸው።

ገምጋሚዋ የመጣችው ጉም ደባርቅን በዋጠበት ጠዋት ነው። ሳምራዊት ትባላለች፣ ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም፤ ከሾፌሯ ሌላ ሰው የላትም። ገና ከመኪናው ስትወርድ «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መውጣት አለብን፣ ጎንደር ነው የምናድረው» አለች። ክፉ ሰው አልነበረችም። ክፉ ብትሆንማ ዛሬ እሷን እየረገምኩ እኖር ነበር።

ልጆቼን አንድ በአንድ አየቻቸው። አያሌው ማንኪያውን አሳያት፤ አጨበጨበችለት። ከዚያ ዝርዝሩን ከወረቀቷ ጋር አስተያየችና «ዘጠኝ ናቸው» አለች።

«አሥረኛዋ ቤተሰቦቿ ሲሄዱ…»

«ገብቶኛል፣ መምህርት እናኑ። ግን ዘጠኝ ናቸው። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው።»

አቶ ሙላው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንፈልጋለን እኮ፣ አንድ ሳምንት ቢሰጠን…»

«ምዝገባው ዛሬ ነው የሚዘጋው። ባይሟላ አንቀጽ ስድስት አለ።»

የአያሌው አባት ደጁ ላይ ነበሩ። የሰሙትን ሰምተው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አላውቅም።

ቀጥሎ የፈንታነሽ ተራ ሆነ። ድርጅቱ አስቀድሞ ልኮልኝ እኔ ያተምኩት፣ ሃያ ጥያቄ ያለው የጽሑፍ ፈተና ተሰጣት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ዘጠኙን አግኝታ አስረከበች። ሳምራዊት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገለባበጠችው። «እስቲ ይህን እንዴት እንደሠራሽው ንገሪኝ» ስትላት ግን ልጅቷ ዐይኗን ጨፈነች። «እ… እ… እ…» ብላ ቀረች። ሌላ ተጠየቀች። ያው ነው። ላብ አጠመቃት። ስንጥር ፈልጋ ወለሉን ስታይ ሳምራዊት ግራ ገባት።

«እናትየዋ ይግቡ» አለች።

እትዬ ጥሩዬ የታጠበ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ገምጋሚዋን ከእግር እስከ ራስ አዩዋት፤ ከማያውቁት አገር በመኪና የመጣች ባዕድ፣ ወረቀት ዘርግታ አንድ ያለቻቸውን ልጅ የምትጠይቅ። ፊታቸው ሲዘጋ አየሁት።

«እናቴ፣ ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ። እንዴት ናት?»

«ምን እንዴት አላት! ድፍን ናት።»

«ሒሳብ ታውቃለች ይባላል።»

«እትፍ፣ እትፍ! ማነው ይህን ያለ? አምስት ጣቷን ቆጥራ አትጨርስም።»

«ሲልኳትስ?»

«ጨው ብላት በርበሬ ይዛ ትመጣለች። ምላሷም ይኸው ታስሯል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለደች። ሁለቱን ደህኖቹን ወሰደና ይቺን ጉድ ተወልኝ።»

ሳምራዊት ትጽፋለች። ከጎኗ ስለነበርኩ ይታየኛል፦ የመቁጠር ችግር፣ ትእዛዝ የመቀበል ችግር፣ የመግባባት ችግር፣ ከውልደት ጀምሮ። እናቴ ስለ እኔ የተናገረችው ሁሉ ወረቀት ላይ የሰፈረ መሰለኝ። ፈንታነሽ ጥግ ቆማ ትሰማለች። አልከፋትም። እናቷ እንዲህ ስትል የለመደችው ነው፤ እንዲያውም ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ሳምራዊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መምህርት እናኑ፣ አንቺ የዚህ አገር ልጅ ነሽ። ፈተናው አንድ ይላል፣ እናትየዋ ሌላ ይላሉ። አትቀየሚኝና ፈተናውን ያተምሽው ደግሞ አንቺ ነሽ፤ ይህን ይጠይቁኛል። እናትየዋ እንዲህ የሚሉት የእውነታቸውን ነው? የቱን ልመን?»

አያችሁ፣ ጠይቃኛለች። ሳትጠይቀኝ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ደግ ነበር። «ይህ የአገሩ ወግ ነው፣ ዐይን ፈርተው ነው፣ ቃላቸውን ገልብጠሽ ጻፊው» ብል ያልቅ ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። አቶ ሙላው ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ አሥሩም ጣታቸው ቁጭ ብሎ ይታየኛል። ድልድሉን ማን እንደሠራላቸው ያውቃሉ። አላነሱም። በመስኮቱ የአያሌው አባት ልጃቸውን እንደገና ጀርባቸው ላይ እየጫኑ ነው። የእኔ ኮንትራትም ከክፍሉ ጋር ነው የሚያልቀው፤ አዎ፣ እሱንም አሰብኩት፣ ምን አስዋሸኝ። አሥረኛዋ ልጅ ጥግ ቆማለች።

«እናት ልጇን ታውቃለች» አልኩ።

ሳምራዊት ተነፈሰች። «እንግዲያው እዚሁ ባለሙያ ባለበት ብትረዳ ይሻላታል። ጎንደር ብንልካት ነው የምትጎዳው» አለች፣ ከልቧ። «የአእምሮ እድገት ውስንነት» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገች። እትዬ ጥሩዬ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ጫኑ። እኔ «የአካባቢ መምህር» በሚለው ሥር ፈረምኩ። አቶ ሙላው ማህተሙን ሁለት ጊዜ ሃ፣ ሃ ብለው እስትንፋስ ሰጡት።

መኪናው ሲወጣ እትዬ ጥሩዬ እጄን ይዘው ከግቢው ባሕር ዛፍ ጀርባ ወሰዱኝ። ፊታቸው በርቷል።

«እንዴት ነኝ? ደህና አድርጌ ደበቅኋት አይደል?» አሉ በሹክሹክታ። «አንቺ ከሴትዮዋ አጠገብ ስላለሽ ነው እንደልቤ የተናገርኩ። እናኑማ ታውቃታለች፣ እናኑ እውነቱን ታስጽፍላታለች አልኩ በሆዴ። መቼ ነው ጎንደር የምትሄድ? አገሩ ሙቅ ነው ይላሉ፤ ሳሳ ያለ ቀሚስ ላሰፋላት ነው።»

እጄን አላቅቄ ወደ መንገድ ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ ሆቴሎቹን አንድ በአንድ ዞርኩ። ሦስተኛው ላይ ሳምራዊትና ሾፌሯ ምሳ ቀርቦላቸው አገኘኋቸው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዐይኑን፣ እትፉን፣ እናቴን፣ የክፍለ ጊዜውን ድልድል። ጉርሻዋን ይዛ አዳመጠችኝ።

«ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሥረኛ አጥቼ።»

ጉርሻዋን ትሪው ላይ መለሰች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ቅጹን አወጣች። «ገና አልላክሁትም። ልቅደደው? ከቀደድኩት ልጅቷ ጎንደር ትገባለች። ግን ዘጠኝ ናቸው ብዬ እጽፋለሁ፣ ክፍሉም ይዘጋል። ሁለቱን ማድረግ አልችልም፣ ውሉን አንብበሽዋል። ምረጪ፣ የተናገርሽውን እኔ ልርሳልሽ።»

በጥያቄ ስጨነቅ አፌ አመለጠኝ ማለት የምችለው የመጀመሪያውን ነው። ይህኛው ግን ጊዜ ነበረው። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ ውኃ ቀዳችልኝ። የአያሌው አባት ኮፍያ ታየኝ፣ የእትዬ ጥሩዬ ሳሳ ያለ ቀሚስ ታየኝ፣ ሥራ ፈትቼ የዳባት ቤታችን በረንዳ ላይ የተቀመጥኩበት ሁለት ዓመት ታየኝ። የትኛው እንደመዘነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማውቅ ብሆን እንኳ ለእናንተ አልናገርም።

«ይቅር» አልኳት። «ብሉ፣ ምሳው አይቀዝቅዝባችሁ።»

በዚያው መናኸሪያ ሄጄ ለእትዬ ጥሩዬ አልሆነም አልኳቸው። እጃቸው ቆሎው ላይ ቀረ። «በእኔ ምላስ ነው? የእውነቴን መሰላቸው?» አሉኝ። አይደለም ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። «ውሉ ነው እትዬ ጥሩዬ፣ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል» አልኩና የቆሎ ገዥ ሲመጣባቸው ሹልክ ብዬ ሄድኩ።

ሰኞ ፈንታነሽ ደብተሯን ይዛ ክፍሌ ገባች። አያሌውና ጓደኞቹ ባለቀለም ዶቃ በገመድ ይሰካሉ። ለእሷም ሰጠኋት። ዶቃውን ይዛ ቆመች፣ ዐይኗን ጨፈነች።

«ቲቸር… የ… የቱን ነው የሳትኩት?»

ከሃያው አንዷን በመሳቷ የቀረች መስሏታል። ጠመኔ የምፈልግ መስዬ ወጣሁ። ልጅቷ ሃያውንም ጥያቄ በቃሏ ይዛቸው ኖሮ ቅልጥሟ ላይ አንድ በአንድ ደግማ ሠራቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች፤ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ነጭ ጭረት ብቻ ነው።

«አሥ… አሥራ አራተኛው ነው። አገኘሁት። አ… አሁን ይወስዱኛል?»

ክፍሉ አልተዘጋም። የምስጋና ወረቀቱም የመጣው በዚያ ዓመት ነው፣ «የተማሪ ቁጥር ሳይቀንስ ለማስቀጠል ላደረጉት ጥረት» ይላል። ፈንታነሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ዶቃ ሰካች። ከመደበኛው ሒሳብ ልሰጣት ሞክሬያለሁ፤ መጀመሪያ ትሠራው ነበር፣ ኋላ ኋላ ወረቀቱን አጥፋ ትመልስልኛለች። መናገሩንም ጨርሳ ተወችው። መስከረም በጠባ ቁጥር ግን አቶ ሙላው ክፍሌ ብቅ ይሉና «አንድ ጊዜ ልዋሳት» ብለው ይወስዷታል። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት ተብሎ የተጻፈባት ልጅ የትምህርት ቤቱን ድልድል ሠርታ፣ ሰሌዳውን ጠርጋ፣ ወደ ዶቃዋ ትመለሳለች። አንድ ዓመት አላስችል ብሎኝ «አያፍሩም?» አልኳቸው። «አንቺስ?» አሉኝ።

ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ወደ መደበኛው ክፍል ላስገባት ብል ከስድስተኛ ወዲህ ውጤት የሚባል የላትም፤ የእኔ ካርድ «ተሳትፋለች» ብቻ ነው የሚለው። እኩዮቿ ዘጠነኛ ሲገቡ ከትንንሾቹ ጋር ስድስተኛን ድገሚ አሏት። አንድ ሳምንት ገብታ ቀረች።

እናንተ ቅጽ የምትሞሉ፣ እናንተ «የአካባቢ መምህር» በሚለው ሥር የምትፈርሙ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባዕድ የጻፈውን ውል መርገም ቀላል ነው፤ እኔም ለስንት ዓመት ረግሜዋለሁ። ግን ውሉ የእናትየዋን ቃል ተቀበል አለ እንጂ ቃሏን የሚያውቅ ሰው ዝም ይበል አላለም። እኔን እዚያ ያስቀመጡኝ እኮ አገሩን አውቃለሁ ብለው ነው። አያሌው ዛሬ ስሙን ይጽፋል፤ አባቱ በመንገድ ሲያገኙኝ ጉልበትሽን ካልሳምኩ ይላሉ። ስንት ጊዜ ይህን በአንድ እጄ፣ ያንን በአንድ እጄ ይዤ ላመዛዝን ሞከርኩ መሰላችሁ። አይመዘንም። ሁለት ልጆች ናቸው።

ባለፈው በጋ ዳባት ልሄድ መናኸሪያ ስገባ እትዬ ጥሩዬን አየኋቸው። ሸሽቻቸው ነበር የምኖረው፤ ያን ቀን ግን እግሬ ወሰደኝ። ፈንታነሽ አጠገባቸው ድንች ትልጣለች፣ ቁመቷ እናቷን አልፏል። ቀና አላለችም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ልጅዎ እኮ ጎበዝ ናት! ከሁሉም የምትበልጥ ጎበዝ!»

ጠበቅኋቸው። ወደ ጎን ዞር እስኪሉ፣ «ኧረ በማርያም ቀስ በይ» እስኪሉኝ ጠበቅሁ።

«ተይኝ እስቲ እህቴ» አሉ ቆሎውን እየሰፈሩ። ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም። «የተማሩት በመኪና መጥተው አይተዋት የለም? አንቺስ ፈርመሽበት የለም? እኔ ለዐይን ብዬ ነበር የምላት። ለካ እውነቴን ኖሯል።»

እትፍ አላሉም።